ድንጋዩ ከሄደ ገመዱም ይሄዳል

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጣናን ባሕር የሚሉ አሉ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እል ነበር፣ በኋላ ትምህርት መጥቶ “ሐይቅ ነው” ብሎ ነጠቀኝ። እንዲያም ሆኖ በጎንደር ከተማ ውስጥ በባሕር ስር ስለተዘረጉ የመገናኛ ገመዶች ጥበቃ የሚናገር ሰው ቢፈለግ፣ ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። በኩራት የምለው አይደለም፤ ሥራውን የሚሻማኝ ሰው ስለሌለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምራለሁ። ባልደረቦቼ ኮርሶቹን ሲከፋፈሉ እኔ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ድስቱ ውስጥ የቀረው የባሕር ሕግ ብቻ ነበር።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሜ ካፒቴን ሆነ። ፀዳ የሚኖር አንድ ባልደረባ አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት አዘዞ ላይ አንድ ሚኒባስ ውስጥ እንገናኛለን። መንገዱ ተቆፍሮ በከረመበት ጊዜ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ “ካፒቴን፣ ማዕበሉ እንዴት ነው? እንደርሳለን?” ይለኛል። ሌላው ደግሞ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ብሎ ይተርትብኛል። በተፈጥሮዬ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ግን ከሚስቅ ሰው ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ ስለማላውቅ አብሬ እስቅ ነበር።

ቀይ ባሕር ውስጥ ገመድ ተበጠሰ የተባለ ሰሞን ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ፤ ጠዋት የተላከ ፋይል ማታም አልደረሰም ይባላል። ያ የፀዳው ባልደረባዬ ራሱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ “እስኪ ይሄን ነገር አስረጂኝ” አለ። አስረዳሁት። በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ኔትወርክ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለናል እንጂ፣ ከአገር ሲወጣ ድንበር ተሻግሮ ባሕር ይገባና ወለሉ ላይ በተኛ ገመድ ነው የሚጓዘው። ብዙ ጊዜ ገመዱን የሚበጥሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ መልሕቁን የሚጎትት መርከብ ወይም መረቡን የሚጎትት ዓሣ አጥማጅ ነው። ሲበጠስ የገመዱ ባለቤቶችና ወደብ ያላቸው አገሮች ይነጋገራሉ፣ ለጥገና መርከቡም ፈቃድ ይሰጣሉ። እኛ ከኋላ ያለነው ግን ከወሬ ነው የምንሰማው። መርከቡ የእኛ አይደለም፣ መልሕቁም የእኛ አይደለም፤ የሚቋረጠው ግን የእኛም ነው። ለባልደረባዬ ሳስረዳው እኔው ራሴ ተናደድኩ።

ንዴቴን ጽሑፍ አደረግኩት። ጽሑፉ ከሰው እጅ ገባና፣ ገመዶቹን በጋራ ለመጠበቅ መመሪያ ከሚያረቅቅ የብዙ አገሮች ባለሙያዎች ስብስብ ግብዣ መጣልኝ። ስብሰባው በኦንላይን ነው። ወደብ ከሌላቸው አገሮች በኩል አንድ ሰው ይናገር ተባለ፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ “ገመዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ሲበጠስም የት እንደተበጠሰና መቼ እንደሚጠገን፣ ወደብ ኖራቸውም አልኖራቸው በገመዱ ለሚጠቀሙ ሁሉ ይነገር” የሚል። ስብሰባው የመጨረሻው ነው፤ በዚያ ቀን ካልገባ ሰነዱ ይዘጋል፣ እኛም እንደ ወትሯችን ከወሬ እንሰማለን። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ለመጮህ ተዘጋጀሁ።

ቀኑ ሲነገረኝ ግን ራሴን ያዝኩ። የደብራችን ንግሥ ማግስት ነው።

እኛ ቤት አባት አያ ነው የሚባለው። አያ ላይ አርማጭሆ ውስጥ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ሳይደረስ ካለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። የአገር ሽማግሌም ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ድንበር ይለያል፣ የራሱ ምላስ ግን አስታራቂ ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ከንግሡ ስቀር፣ “ልጅህ የታለች?” ብሎ ለጠየቀው ሁሉ “ባሕር ወርዳለች” እያለ መንደሩን ሲያስቅብኝ ከረመ። ሁለተኛ ብቀር ምን እንደሚል ማሰብ አልፈለግኩም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ንግሡን ከአያ ጋር አከብራለሁ፣ በማግስቱ ትክል ድንጋይ ወጥቼ የአክስቴ ልጅ ከሚሠራበት የወረዳ ቢሮ ሆኜ እሰበሰባለሁ። እዚያ ከጎንደር በመሬት ስር የተቀበረ የፋይበር መስመር ገብቷል፣ የስልኩም ማማ በዚያው ነው የሚሠራው፤ አዘዞ ካለው ቤቴ የተሻለ ኢንተርኔት ነው።

ንግሡ በሰላም ተከበረ። በማግስቱ ጠዋት ልሄድ ስወጣ አያ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ደጅ ቆሟል። ከምንጩ ውሃ ጠልፈው በቧንቧ ወደ መንደሩ ሊያመጡ ነው፤ ለቦዩ ቁፋሮ ከየቤቱ ሰው ለደቦ ይወጣል።

“የዛሬው ደቦ ያንችም ነው” አለኝ።

“አያ፣ ስብሰባ አለኝ ብዬህ የለም እንዴ?”

“እኔስ ስብሰባ አይደል የምሄደው? የእኔው አካፋ አለው እንጅ።”

ይህን ካለ በኋላ ግን ቆሞ መረቀኝ። ስብሰባው የባሕር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው መሰለኝ፣ ከመስጠም ይሰውርሽ ብሎ ጨመረበት።

የአክስቴ ልጅ ቢሮውን አጽድቶ፣ ከጀርባዬ የሚታየውን የተሰነጠቀ ግድግዳ በካርታ ጋርዶ ጠበቀኝ። ስብሰባው ተጀመረ። ሰብሳቢዋ ከአንዲት ደሴት አገር የሆነች፣ ተረጋግታ የምትናገር ሴት ናት። አንዱ ተናጋሪ ስለ አንድ የቆየ ስምምነት አነሣ፤ ገመድ ላለመጉዳት ሲል መልሕቁን ቆርጦ የጣለ መርከበኛ ከገመዱ ባለቤት ካሳ ይከፈለዋል የሚል። አያ ቢሰማው “ሸጋ ፍርድ” ይል ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ሰብሳቢዋ “አሁን ደግሞ ወደብ ከሌላቸው አገሮች በኩል” ብላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ጠበቅሁ። አፏ አልተዘጋም።

“ሄደ” አለ የአክስቴ ልጅ።

እኔ የተማርኩት ለዚህ ጊዜ አይደል? “ቀይ ባሕር ነው” አልኩ በሙሉ ሥልጣን። “መርከብ መልሕቅ ጎትቶ ነው የሚሆነው።”

የአክስቴ ልጅ በአድናቆት አየኝና ወሬውን ይዞ ኮሪደር ወጣ። እኛ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ ይመጣል እንጂ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ምክንያት በማግኘቱ ሁሉም ደስ አለው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው “ቀይ ባሕር ነው አሉ” ሲባል ይሰማኛል። እኔ ተናድጄ ደጅ ስወጣ፣ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት “አልሰማሽም እንዴ? መርከብ ነው አሉ የበጠሰው፤ ትልቅ መርከብ” አለችኝ። ከእሷ ስሰማው ይበልጥ አመንኩት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ያነቃኝ ስልኬ ነው። ጎንደር ወዳለው ባልደረባዬ ልደውል ብል አይሠራም፤ ጥሪም የለም፣ መልእክትም የለም። የቀይ ባሕሩ ቢበጠስ ኖሮ ለጎንደር መደወል አያቅተኝም ነበር። የተበጠሰው ቅርብ ነው፤ በእኔና በጎንደር መካከል አንድ ቦታ። ስለዚህ ወደ ጎንደር ሄጄ የተበጠሰበትን ባልፍ ኔትወርክ አገኛለሁ ማለት ነው። ስብሰባው እስኪዘጋ ገና ሌሎች ተናጋሪዎች አሉ። ላፕቶፑን ለአክስቴ ልጅ ትቼ ሮጥኩ።

ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱን “ዓለም አቀፍ ስብሰባ አለብኝ” ብለው፣ “ዓለም ይቅርና አዘዞም ቢሆን ሳይሞላ አንሄድም” አለኝ። ጤፍ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወርድ መኪና አገኘሁና ከሾፌሩ ጎን ወጣሁ። ስልኬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ምልክት ስጠብቅ፣ ሾፌሩ “የምን ፍለጋ ነው?” አለኝ። የተበጠሰ ገመድ አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

የእኛ መንደር ጫፍ ስንደርስ መንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። አዲስ የተቆፈረ ቦይ አለ። ቦዩ ውስጥ አያ ቆሟል፤ አንድ ጥቁር ነገር እንደሞተ እባብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያገላብጠዋል። መኪናው በደንብ ሳይቆም ወረድኩ።

“አያ! ምን አደረጋችሁ?”

“ምነው፣ ስብሰባሽ አለቀ?”

“የኔትወርኩን ገመድ ቆረጣችሁት እኮ!”

“እኛ?” አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። “የኔትወርኩማ እዚያ ነው።” በአካፋው ወደ ዳገቱ አመለከተ። ዳገቱ ላይ፣ በሁለት ማሳ መካከል፣ የገመድ ምልክት የሆነችው የሲሚንቶ ድንጋይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ግርጌዋ በጠጠር በደንብ ተጠቅጥቋል። እኔ የማውቃት ግን ከታች፣ ከጎረቤታችን ማሳ መሐል ነበር፤ አሁን ቦዩ ካለበት።

“ማን ወሰዳት?”

“እኛው” አለ አያ፣ ምንም ሳያፍር። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤቶቻችን በድንበር ተጣልተው ነበር፤ ያንዱ ማረሻ ገፋ፣ የሌላው በሬ ዘለቀ በሚል። አያ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ነገሩን ዳኘ። ድንበሩን ከለዩ በኋላ የሚተከል ድንጋይ ሲፈለግ፣ ያቺ የሲሚንቶ ድንጋይ ታየቻቸው። ማሳ መሐል ቆማ ጥማድ ታስቸግራለች። ደግሞ የመንግሥት ናት፤ የመንግሥትን ድንጋይ ማን ደፍሮ ይነቅላል? ለድንበር ከእሷ የተሻለ የለም። ስለዚህ ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ዳገቱ ላይ ተከሏት። ቄሱ ባሉበት ሁለቱም ማሉ፤ የነካት የተገዘተ ይሁን ተባለ።

“አያ፣ እናንተስ ነክታችኋት የለም?”

“ግዝቱ ከኛ በኋላ ለሚነካት ነው።”

“ድንጋይዋ ብትነሣ እኮ ገመዱ አብሮ አይነሣም!”

አያ እንደ ሞኝ ልጅ አየኝ። “አንች ሕግ ተምረሽ የለም? ድንጋዩ ከሄደ ድንበሩ ይሄዳል። ገመዱስ ምን ልዩ ነገር አለው?”

ስለ ድንበር ያለው ነገር ትክክል ነው፤ ሽማግሌ ተስማምቶ የተከለው ድንጋይ ባለበት ድንበሩ አለ፣ እኔም ክፍል ውስጥ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አላስተምርም። ደቦው በሙሉ የእኔን መሸነፍ አይቶ ደስ አለው። አያ ጨመረበት፦ “እኛማ እንዳንነካው ብለን፣ ከድንጋዩ ሸሽተን ሸሽተን ነው እዚህ የቆፈርን።”

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ የጎንደር በኩል ኔትወርክ እንደሚገኝ አንዲት ሴት ነገረችኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። አያ ተከተለኝ፤ አያን ሽማግሌዎቹ ተከተሉ፣ ሽማግሌዎቹን ደቦው ከነአካፋው። ጉብታው ላይ ስልኬ ነፍስ ዘራ። ስብሰባውን ስከፍተው ሰብሳቢዋ አፏ ተዘግቶ፣ “ተለይታን የነበረችው ተመልሳለች” አለች። ለመዝጋት ሲዘጋጁ ነበር የደረስኩት። ወደብ ካለው አገር የሆነ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም እያለ ኖሯል፤ ጎረቤት ለጎረቤት መንገሩ መቼ ይቀራል፣ ይህን መጻፍ ምን ያደርጋል ባይ ነው።

ያዘጋጀሁት ንግግር ላፕቶፑ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ስልኩን አዙሬ ቦዩን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ ዳገቱ ላይ ያለችውን ድንጋይ፣ ቀጥሎ አያን። “የጠፋሁት ገመድ ተቆርጦ ነው” አልኩ በእንግሊዝኛ። “የቆረጠው መርከብ አይደለም፣ የወለደኝ አባቴ ነው። ላለመቁረጥ እየተጠነቀቀ ቆረጠው። ገመዱ ሲቀበር እንዳትነኩ ከማለት በቀር በየት እንደሚያልፍ የነገረው የለም። እኛም ከባሕሩ ገመድ ጋር እንዲሁ ነን።” ሳቁ ከስልኩ ፈንድቶ ጉብታው ላይ ተሰማ። አያ መታየቱን ሲያውቅ ነጠላውን አስተካከለ።

“ምን አሉ?”

“ሳቁ።”

“ሆን ብለን አይደለም በያቸው።”

አልኳቸው። ሰብሳቢዋ የሚቃወም አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ባለመነጽሩ ሰውዬ ትንሽ አሰበና፣ እሺ ይግባ፣ ግን “በተቻለ መጠን” የሚል ይጨመርበት አለ። ደሜ ፈላ። ከዚህ ቃል ጋር ከገባስ ባይገባ ይሻላል። ፊቴን አይቶ አያ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት።

“እሱማ እኔ ለቀበሌው የምሰጠው ቃል ነው” አለ አያ። “ስብሰባ ና ሲለኝ በተቻለ መጠን እመጣለሁ እለዋለሁ። አንድ ቀን ሂጀ አላውቅም።”

ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ሰብሳቢዋ ራሷ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ባለመነጽሩም እየሳቀ የጨመረውን አነሣ። የሚቃወም ጠፋ። ዓረፍተ ነገሬ እንዳለ፣ ቃል ሳይጎድል፣ ገባ። ደስታዬን መያዝ አልቻልኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በአካፋ ተከብቤ፣ ጉብታው ላይ እልል አልኩ። ከታች ያሉ ሴቶች ውሃው የመጣ መስሏቸው በእልልታ ተቀበሉኝ።

ከጉብታው ስንወርድ ጠጋኞቹ ከጎንደር ደርሰዋል። ሁለት ናቸው። አንደኛው ጃንጥላ ስር ቁጭ ብሎ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የመስታወት ክሮች አንድ በአንድ ማገናኘት ጀመረ። አለቃው ግን ቆሞ ድንጋይዋን ማን እንዳዛወራት ይጠይቃል። ከደቂቃዎች በፊት በአንድ ድምፅ ሲያስረዳኝ የነበረው መንደር አሁን ምንም አያውቅም። አንዱ በሬ ታክኳት ይሆናል አለ። ሌላው የዘንድሮ ክረምት ከባድ ነበር አለ። አለቃው ወደ ቦታዋ ትመለስ ሲል ግን ሁሉም አፍ አወጣ፤ ግዝት አለባት፣ ከተነቀለች ሁለቱ ጎረቤቶች ነገ ይጣላሉ። እኔ መሐል ገባሁ። ብዙ ከተባለ በኋላ፣ የዳገቷ ድንጋይ ድንበር ሆና ትቅር፣ ለገመዱ ሌላ ይመጣለታል በሚል ተስማማን። በአንድ ቀን ሁለት ስምምነት መፈጸሜ ነው፤ ራሴን በጣም ወደድኩት።

ጥገናው አልቆ ዕቃቸውን ሲጭኑ አያ አለቃውን ጠጋ አለው። “ልጄ፣ ቦዩ እስከ ቤታችን ገና ብዙ ይቀረዋል። ከዚህ ወዲያ ገመዱ በየት በየት ነው የሚሄደው? አሳየንና ራቅ ብለን እንቁፈር።”

“አይነገርም አባት” አለ አለቃው። “የመስመሩ ካርታ ምስጢር ነው። እናንተ ብቻ አትንኩት።”

የእኔ ዓረፍተ ነገር ገና ትኩስ ነበር። ፊቱ ቆሜ ያ ሁሉ አገር ዛሬ የተስማማበትን በአማርኛ አነበነብኩለት፤ ገመዱ በየት እንደሚያልፍ በገመዱ ለሚጠቀሙ ሁሉ ይነገር የሚለውን፣ በተቻለ መጠን የሚል እንኳ እንደሌለበት ጭምር። በትዕግሥት ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ነው።

“ይሄ እኮ የባሕር ነው እህቴ” አለኝ የመኪናውን በር እየከፈተ። “እዚህ የብስ ነው።”

ሄዱ። እኔ አቧራውን አያለሁ። አያ ግን መዳፉ ላይ እንትፍ አለና አካፋውን ጨበጠ።

“በሉ ተነሡ” አለ ለደቦው። “ካልነገሩን ቆፍረን እናገኘዋለን።”